ካልተነሣበት ያረፈ ድሮን

በአዲስ አበባ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ቁልቁለት ከመንደሩ ጣሪያዎች ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ አንድ አነስተኛ የካርታ ቡድን ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ፈቃዱን ይዞ የመጣው ጎርፍ የቦረቦረውን መሬት ከላይ ፎቶ አንሥቶ ካርታ ለመሥራት ነው። አራት ፕሮፔለር ያለው ድሮን ከታች ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ በተሰጠው መስመር እየተመላለሰ ሳለ፣ አንድ ጭልፊት ከባሕር ዛፉ አናት ተወርውሮ ይዞረው ጀመር። አብራሪው ወጣት አልተደናገጠም። ድሮኑን ከፍ ብሎ ወደሚገኝ ገላጣ ቦታ መርቶ በቀስታ አሳረፈው። ሞተሮቹ ቆሙ፤ ባትሪው ግን እንደተሰካ፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም እንዳለ ነው።

ቡድኑ ዕቃውን ሸክፎ በእግሩ ወደ ላይ ወጣ። መኪናውም ከታች ተነሥቶ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣ። ጭልፊቱ ሲርቅ ድሮኑን ከዚያው ከላይኛው ቦታ እንደገና አስነሡት። የቀሩትን መስመሮች ጨርሶ ወጣቱ የመመለሻውን ቁልፍ ሲጫን ሁሉም ቀና ብለው ጠበቁ። ድሮኑ ግን ወደ እነሱ አልመጣም፤ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ቁልቁል ወደ ከተማው አቀና።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር አብዷል!” አለ ወጣቱ።

የቡድኑ ቴክኒሺያን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “አላበደም። መመለሻውን ሰርዝና በእጅህ ይዘህ አምጣው። ከዛፎቹ በላይ አድርገው፣ አትቸኩል።”

ድሮኑ ተመልሶ እግራቸው ሥር ካረፈ በኋላ ቴክኒሺያኑ የበረራ መዝገቡን በላፕቶፕ ከፈቱት። ባለሙያዎቹ “ሎግ” ይሉታል። በካርታው ላይ አንዲት የቤት ምልክት ጠዋት መኪናው ከቆመበት ከመንገዱ ዳር ተቀምጣለች። ከላይኛው ቦታ የተደረገው ሁለተኛ መነሣት በመዝገቡ ላይ በሰዓቱ ሰፍሯል፤ የቤት ምልክቷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ለድሮኑ ቤቱ አሁንም ታች ነበር። መኪናው መሄዱን፣ ሰዎቹም ወደ ላይ መውጣታቸውን የነገረው የለም።

ድሮን ከተነሣበት ሌላ ቦታ አርፎ እንደገና ሲነሣ የሚያሳየው ያልተጠበቀ ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ የማሽን ብልሽት አይደለም። መሣሪያው ያስታወሰውን በታማኝነት ሲፈጽም የሚመጣ ነው። ሜዳማ አገር ላይ ይህ ስህተት ጥቂት እርምጃ ከማስኬድ የዘለለ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ጉለሌን በመሰለ ተዳፋት ላይ ግን ድሮኑን ከዛፍ፣ ከጣሪያ ወይም ከሰው ጋር ሊያጋጨው ይችላል።

ቤቱ የሚመዘገበው መቼ ነው?

“ሆም” (ቤት) የሚባለው ነጥብ ድሮኑ ሲግናል ሲጠፋበት፣ ባትሪው ሲያልቅበት ወይም አብራሪው መመለሻውን ሲጫን የሚሄድበት ቦታ ነው። ቦታውን የሚያውቀው በጂፒኤስ ነው። ነጥቡ መቼ ይመዘገባል ለሚለው ጥያቄ ግን ለሁሉም ድሮኖች የሚሠራ አንድ መልስ የለም።

አርዱፓይለት በሚባለው ክፍት ሶፍትዌር የሚሠራ ድሮን ሞተሩ ለበረራ በተከፈተ ቁጥር ቤቱን ባለበት ቦታ ላይ አድርጎ ይመዘግባል። አይናቭ በሚባለው ላይ ግን ባለቤቱ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ ሞተሩ በተከፈተ ቁጥር፣ ባትሪው ከተሰካ በኋላ መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ፣ ወይም ደግሞ ጭራሹን በራሱ እንዳይቀይር። ሶፍትዌሩ ከመነሻው የሚመጣው በሁለተኛው ምርጫ ነው። ቤታፍላይት የሚባለው ሶፍትዌርም ቤቱን አንድ ጊዜ ብቻ መዝግቦ እንዲይዝ የሚያደርግ ምርጫ አለው።

የሁለተኛው ምርጫ ዓላማ ሲታይ በጎ ነው። አብራሪው ሩቅ ቦታ ላይ ወድቆበት በሪሞት እንደገና ሊያስነሣው ከቻለ፣ ድሮኑ የወደቀበትን ሳይሆን አብራሪው የቆመበትን ቦታ ቤቴ ብሎ እንዲመለስ ነው። አብራሪው ራሱ ተነሥቶ ወደ ድሮኑ ሲሄድ ግን ይኸው በጎ አሳብ ይገለበጣል። የካርታው ቡድን ላይ የደረሰው ይህ ነው። ባትሪውን ነቅለው ቢሰኩት ኖሮ መዝገቡ ይጠፋና ድሮኑ በላይኛው ቦታ ላይ አዲስ ቤት ይይዝ ነበር።

በገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት የዲጄአይ ድሮኖች በቂ የሳተላይት ሲግናል ሲያገኙ ቤቱን መዝግበው በድምፅና በጽሑፍ ያሳውቃሉ። አብራሪውም በአፑ ላይ ነጥቡን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ይችላል። አደጋው ያለው ከጥድፊያ ላይ ነው። ድሮኑ ሳተላይት ሳይዝ ከተነሣ ቤቱን የሚመዘግበው በአየር ላይ እንዳለ ሲግናሉ የበረታበት ቦታ ላይ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ የሰው ጣሪያ ወይም የወንዝ ገደል ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ድሮኖች ለቤታቸው እጅግ ቀርበው ሳለ መመለሻው ከታዘዘባቸው ወደ ላይ ሳይወጡ በቦታው ወዲያው ማረፍ ይጀምራሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ድሮኑ እምቢ ያለው ይመስለዋል።

ዜሮ ሜትር የት ነው?

ቦታው ከተረሳ ከፍታውም አብሮ ይረሳል። በተራራ ላይ ከሁሉም የከፋው ስህተት ከዚህ ይመነጫል።

ድሮን በስክሪኑ ላይ “60 ሜትር” ብሎ ሲያሳይ በዚያች ቅጽበት ከበታቹ ካለው መሬት 60 ሜትር ርቄያለሁ ማለቱ አይደለም። ከተነሣበት ቦታ በ60 ሜትር ከፍ ብያለሁ ማለቱ ነው። የሚለካውም በአየር ግፊት ነው፤ ሲነሣ ያገኘውን ግፊት ዜሮ ይለዋል፣ ከዚያ በኋላ የግፊቱን መቀነስ ወደ ሜትር ይቀይራል። መሬቱ ከሥሩ ከፍ ዝቅ ቢል ቁጥሩ አይለወጥም።

በጉለሌ መሬቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይሸፍናል። ዝቅተኛው ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,550 ሜትር፣ ከፍተኛው 2,960 ሜትር ነው። በአንድ አጥር ውስጥ የ410 ሜትር ልዩነት ማለት ነው። ከታችኛው በር አካባቢ ተነሥቶ “100 ሜትር ላይ ነኝ” የሚል ድሮን ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ቢበር መሬቱ ራሱ መጥቶ ይገናኘዋል።

ስለዚህ የመመለሻ ከፍታ የሚባለውን ቁጥር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በአርዱፓይለት ላይ ይህ ቁጥር ካልተቀየረ 15 ሜትር ነው። 15 ሜትር ለሜዳ እርሻ ይበቃ ይሆናል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ግን ሲያድግ ከ30 ሜትር በላይ ይሄዳል።

ካርታ ለሚሠራ ድሮን ችግሩ ሌላ መልክ አለው። አስቀድሞ የተጻፈ የበረራ መስመር በየነጥቡ “ከቤት በላይ 80 ሜትር” ይላል እንበል። ድሮኑ በመሀል ወርዶ 60 ሜትር ዝቅ ካለ ቦታ እንደገና ቢነሣና ቤቱን እዚያ ቢመዘግብ፣ የቀሩት ነጥቦች ሁሉ አብረውት 60 ሜትር ይወርዳሉ። 80 ሜትር የነበረው በረራ በመጀመሪያው መነሻ ላይ ሲያልፍ 20 ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህም ከዛፎቹ አናት በታች ነው። 100 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ቢነሣ ደግሞ 180 ሜትር ላይ ይበራል፤ ፎቶው ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የምትሸፍነው መሬት በጎን ከ2 እጥፍ በላይ ይሰፋና ካርታው ከቀደመው ጋር አልገጥም ይላል። መሣሪያው በሁለቱም ጊዜ የታዘዘውን 80 ሜትር በትክክል ጠብቋል።

የግፊት መለኪያው የራሱ ድክመትም አለው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲወርድ ድሮኑ ሳይንቀሳቀስ 10 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ይመስለዋል። በአገራችን በምድር ወገብ አቅራቢያ እንዳሉ አገሮች ሁሉ ግፊቱ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ይቀንሳል። ባትሪው እንደተሰካ ለረጅም ሰዓት መሬት ላይ የቆየ ድሮን ዜሮ የሚለው ከፍታ ቀስ በቀስ የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ቆርቆሮና ፌሮ

ሌላው ያልተጠበቀ ጠባይ መዞር ነው። ድሮኑ ይነሣል፣ ቁም ሲባል አይቆምም፤ ክብ እየሠራ፣ ክቡን እያሰፋ ይሄዳል። ምክንያቱ ኮምፓሱና ጂፒኤሱ አለመስማማታቸው ነው። ጂፒኤሱ ወደ ምሥራቅ ተንሸራትተሃል ይለዋል፤ ድሮኑም ወደ ምዕራብ ለመመለስ ይሞክራል። ኮምፓሱ ግን ተሳስቶ ምዕራብ ብሎ የሚያሳየው ሰሜንን ነው። ማረሚያው ራሱ አዲስ ስህተት ይሆናል፤ እርሱን ለማረም ሌላ እርምጃ ይወሰዳል፤ ክቡ የሚሰፋው በዚህ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ለኮምፓስ የተመቸች ከተማ ናት። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህም የተነሣ የመግነጢሱ ኃይል እዚህ ወደ መሬት ሳይዘቀዘቅ አግድም ተኝቶ ይገኛል። አቅጣጫ የሚያሳየውም አግድሙ ኃይል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1957-58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ የቆየው በዚሁ ልዩ አቀማመጥ ምክንያት ጭምር ነው።

ኮምፓሱን የሚያበላሸው እኛ የሠራነው ብረት ነው። ድንገት ማረፍ ያስፈለገው አብራሪ ገላጣ ቦታ ሲያጣ የሚያየው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፌሮ የበዛበት የኮንክሪት ሰገነት፣ የቱቦ ክዳን ወይም የመኪና ኮፈን ነው። ለማረፍ ይመቻሉ። ከእነርሱ ላይ እንደገና መነሣት ግን አደገኛ ነው፤ ድሮኑ ሲነሣ አቅጣጫውን የሚያስተካክለው ከሥሩ ባለው ብረት ተታልሎ ነውና። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ድሮኑን አጥፍቶ፣ ተሸክሞ፣ ከብረት ራቅ ካለ አፈር ወይም ሣር ላይ አስቀምጦ እንደ አዲስ መክፈት። ብረቱ ላይ እንዳለ ኮምፓሱን ካሊብሬት ማድረግ ግን ስህተቱን አጽንቶ መያዝ ነው።

ሰማዩም ጊዜ ይፈልጋል

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ያለበትን ምሕዋር የሚገልጸውን ዝርዝር መረጃ በየ30 ሰከንዱ እየደጋገመ ይልካል። ተቀባዩ ይህን መረጃ ሳይቆራረጥ ካልሰማ ከዚያ ሳተላይት ጋር ሊሠራ አይችልም። በቦረቦር ውስጥ ወይም በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የሰማዩ ግማሽ ይሸፈናል፤ መረጃው ይቆራረጣል፤ የሚገኘውም ቦታ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተመዘገበ ቤት እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ምሽት ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። በመግነጢስ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር የሚባለው ላይኛው የአየር ንብርብር ይታወካል፤ የሳተላይቱ ሲግናል ሲያልፍበት ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ክስተቱ የሚበረታው በመጋቢትና በመስከረም ወራት አካባቢ፣ ፀሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታት ነው። አመሻሽ ላይ የመጨረሻዋን ፎቶ ለማንሣት የሚጣደፍ ሰው ቀን ሙሉ ሲታዘዘው የዋለ ድሮን ድንገት መንሸራተት ቢጀምር፣ መንሥኤው ከፕሮፔለሩ ሳይሆን ከሰማይ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ቀጭን አየር፣ አጭር ባትሪ

3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ ለመንሳፈፍ ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ እንጦጦ ላይ የማይገኘው ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ የተፈቀደላቸው ጣሪያ ራሱ እዚህ ያበቃል። ዲጄአይ ማቪክ ሚኒ ለሚባለው ድሮኑ የሰጠው የከፍታ ገደብ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ሲሆን ለሚኒ 2 ግን 4,000 ሜትር ነው። በእንጦጦ የሚገኘው የሥነ ፈለክ መመልከቻ 3,200 ሜትር ላይ ነው። ከእርሱ አጠገብ ሁለቱን ድሮኖች እኩል ማየት አይገባም።

ዘመናዊ ድሮን የቀረው ባትሪ ወደ ቤቱ ለመድረስ የሚበቃውን ያህል ብቻ መሆኑን ሲረዳ በራሱ መመለስ ይጀምራል። ስሌቱ የሚሠራው በመዝገቡ ላይ ወዳለው ቤት ነው። ቤቱ ከሸለቆው ማዶ ተረስቶ ከሆነ፣ አብራሪው እግሩ ሥር ሊያሳርፈው ሲችል ድሮኑ ወደ ማዶ ጉዞ ይጀምራል። ባትሪው ከዚያም በታች ሲወርድ ደግሞ ሳይመለስ ባለበት ያርፋል።

ተዳፋት ላይ ማረፍም የራሱ ጣጣ አለው። ድሮኑ መሬት መንካቱን የሚያውቀው ወደ ታች መውረዱ ሲቆምና አካሉ ሲረጋ ነው። በዘመመ መሬት ላይ ወይም በረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ሲያርፍ መንሸራተቱን አሁንም በአየር ላይ እንዳለ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ሞተሩ አይቆምም፤ ራሱን ለማቅናት ሲታገል ይገለበጣል። እንዲህ ያረፈ ድሮን ፕሮፔለሩ በጣት ተዳስሶ፣ ክንዱ ታይቶ፣ ባትሪው አለመነፋቱ ተረጋግጦ ካልሆነ በቀር እንደገና መነሣት የለበትም። ሲከፈትም በእጅ ሳይያዝ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ መሆን አለበት፤ የሚዛን መለኪያዎቹ ራሳቸውን የሚያስተካክሉት በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነውና።

ያረፈበት ግቢ የሰው ነው

ድሮን ሁልጊዜ ገላጣ ሜዳ ላይ አያርፍም። በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ ዙሪያ ቤቶች ተጠጋግተው ስለተሠሩ የሚያርፈው የሰው ግቢ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ድሮን የሚለውን ስም ከጦርነት ዜና ጋር የሰማ ሕዝብ፣ ከሰማይ የወረደ መሣሪያ ደጁ ላይ ሲያገኝ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አጥር መዝለል፣ ወይም በሪሞት ከግቢው አስነሥቶ ለማምለጥ መሞከር ነውርም አደጋም ነው፤ ልጆች አጠገቡ ሊኖሩ ይችላሉ። በሩን አንኳኩቶ “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ የካርታ ሥራ ላይ ነን፤ ዕቃችን ግቢዎ ወድቆብናል” ማለትና ፈቃዱን ማሳየት ከማንኛውም ቴክኒክ ይቀድማል።

ፈቃዱ ደግሞ የግድ ነው። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአየር ክልሉ ጉዳይም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ጉለሌ ውስጥ ኤምባሲ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ሰው የሚበዛባቸው ገበያዎችና አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የተረሳ ቤት ድሮኑን ካልተፈቀደለት ቦታ በላይ ቢወስደው፣ ማሽኑ በራሱ ሄደ የሚለው መልስ ተጠያቂነትን አያስቀርም።

ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው

በዚያ ረፋድ ቴክኒሺያኑ ሎጉን ከዘጉ በኋላ ለወጣቱ የነገሩት አጭር ነበር። “ከተነሣህበት ሌላ ቦታ ካረፍክ፣ ባትሪውን ንቀል። እንደገና ስትሰካ በረራው ገና መጀመሩ እንደሆነ ቁጠረው።”

ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። ድሮኑን አጥፉት፤ አካሉን መርምሩ፤ ከብረትና ከዛፍ ጥላ አርቃችሁ ደልዳላ መሬት ላይ ክፈቱት። ሳተላይቶቹን እስኪይዝ ታገሡ። የቤቱ ምልክት በካርታው ላይ የቆማችሁበት ቦታ ላይ መሆኗን በዓይናችሁ እዩ። የመመለሻውን ከፍታ ከአዲሱ ቦታ ተነሥታችሁ፣ በመንገዱ ላይ ካለው ከፍተኛ ዛፍና ኮረብታ በላይ አድርጋችሁ አስተካክሉ። የበረራ መስመር ካለ ከፍታውን እንደገና አስሉ። ድሮኑ ሲነሣ መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ላይ አቁማችሁ ጠብቁት፤ ከዞረ ወይም ከተንሸራተተ ወዲያው አሳርፉት። ሲግናል ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ የድሮናችሁን መመሪያ አንብባችሁ ካላወቃችሁ ደግሞ ተራራ ላይ አታስነሡት።

ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከጉለሌ ቁልቁለት በታች ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ፤ ለእነርሱ ሲባል እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች መስጠት የአብራሪው ግዴታ ነው።